ባሌስትራ ለወገብ ምቾት ብቻ የተሠራ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ባሌስትራ፣ ማለትም የመኪናን ክብደት ስለሚሸከሙት ተደራራቢ ቅስት ብረቶች፣ አሮጌ መኪና ለሚያሽከረክሩ ሰዎች ምክር ተብሎ የተጻፈ ጽሑፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ እኔ ጋራዥ ደረሰ። ያመጣልኝ ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ የሚመላለስ የቅጥቅጥ ሹፌር ነው። ከመኪናው ሥር ተኝቼ ስሠራ ጎንበስ ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ባሌስትራ በእሳት ይታደሳል ይላል፤ ታዲያ እርስዎ ለምን አዲስ ግዛ ይሉኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ለእሱ ብቻ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ጽፌዋለሁ።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ባሌስትራ የተሳፋሪን ምቾት የሚጠብቅ ዕቃ ስለሆነ ማርጀቱ ወገብ ያሳምማል እንጂ ለአደጋ አይዳርግም፤ የተኛ፣ ማለትም ቅስቱን ያጣ፣ ባሌስትራ ባለ እጅ ዘንድ በእሳት ከተቀጠቀጠ እንደ አዲስ ይሆናል፤ የተሰበረውን በያጅ ይበይደዋል፤ መኪናው ዝቅ ካለ አንድ ወፈር ያለ ብረት መጨመር ይበቃል፤ የሚነካውም የተጎዳው ጎን ብቻ ነው፤ በብረቶቹ መካከል ግራሶ መቀባት ዕድሜ ይጨምራል፤ በእኛ አካባቢ ባሌስትራ የሚሰበረው በብርዱ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው አዲስ ዕቃ ከአሮጌው የባሰ ስለሆነ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ጸሐፊው የባለ መኪናውን ኪስ አስበው እንደጻፉ ይገባኛል። እኔም ኪሱ የሳሳ ደንበኛ እንጂ ሌላ ደንበኛ የለኝም። ሆኖም ከስምንቱ ነጥቦች የማልቃወመው የመጨረሻውን ግማሽ ብቻ ነው፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ የመጀመሪያው ነው፤ ሌሎቹ ስሕተቶች የተወለዱት ከእሱ ነውና።

ባሌስትራ ለምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ምላሽ አልጽፍም ነበር። እንደ አሮጌው አይሱዙ ኤን ፒ አር ባለ መኪና ላይ የግራና የቀኝ ጎማ የተያያዙበትን አክስል ከሻንሲው፣ ከመኪናው የብረት አጽም፣ ጋር የሚያይዘው ባሌስትራው ራሱ ነው፤ ሌላ ክንድ፣ ሌላ ዘንግ የለም። የዋናው ብረት የፊት ጫፍ ተጠቅልሎ በፒን ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፤ የኋላው ጫፍ ብረቱ ሲዘረጋና ሲታጠፍ እንዲወዛወዝ በሚያስችል ማያያዣ ይንጠለጠላል። አክስሉ ደግሞ መሐል ላይ በዩ ቦልቶች፣ በዩ ፊደል ቅርጽ በታጠፉ ብሎኖች፣ ተጠፍንጎ ይቀመጣል። ፍሬን ሲያዝ ጎማው መሬቱን ይዞ መቅረት ይፈልጋል፤ ሻንሲው ከነቦዲው፣ ከነተሳፋሪው፣ ጣሪያ ላይ ከተጫነው ገብስና ከታሰረው በግ ጋር ወደፊት መሄድ ይፈልጋል። ያንን ሁሉ ጉተታ የሚችለው ያ የተጠቀለለ የብረት ጫፍ ነው። እሱ ሲሰበር የአንድ ጎን ጎማ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አክስሉ ይጣመማል፣ መኪናውም ሹፌሩ መሪ ሳያዞር ራሱ ይዞራል።

ይህ የሚሆነው የት እንደሆነ አስቡት። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ መሬቱ እስከ 1,300 ሜትር ገደማ ይዘቅጣል። ጉም በሚወርድበት ሰዓት ከፊት ያለው የጭነት መኪና መብራት እንኳን ሳይታይ በኩርባው ላይ ፍሬን ይያዛል። ባሌስትራ የሚፈተነው እዚያ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ባለው ሜዳማ መንገድ ላይ ለወራት ያልታየ ስንጥቅ በዚያ ቁልቁለት በአንድ ጊዜ ይጨርሳል።

ባለፈው ክረምት ከዚያው ቁልቁለት ተጎትቶ የመጣ ቅጥቅጥ ነበር። ሹፌሩ «ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ይስበኛል» ሲል ሁለት ሳምንት ያህል ፍሬኑን ሲያስተካክሉለት ከርመዋል። ክሪክ ከመግባቱ በፊት ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል በሁለቱም ጎን በሜትር ለካሁ። የግራው ከቀኙ በሦስት ሴንቲ ሜትር ይለያል። የኋላውን ግራ ባሌስትራ ስፈታው ዋናው ብረት ለሁለት ተከፍሎ፣ አክስሉን ይዞት የቀረው የሁለተኛው ብረት ጫፍ ብቻ ነበር። ስብራቱን በላምባ አጥቤ ወደ ብርሃን አቀረብኩት። ሁለት ሦስተኛው እንደ ቡና አተላ የጠቆረ፣ ለስላሳ፣ በግማሽ ክብ መስመሮች የተከበበ ነው፤ የቀረው እንደ ተፈረከሰ ስኳር የሚያብረቀርቅ ነው። ጥቁሩ በብዙ ሺህ መታጠፍ ቀስ በቀስ የተሰነጠቀው፣ ዝገትም የገባበት ነው። የሚያብረቀርቀው የዚያን ዕለት የተለያየው ነው። ይህ መኪና በአንድ ሦስተኛ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ሰው ሲያመላልስ ኖሯል ማለት ነው። ከስብራቱ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ደግሞ አሮጌ የብየዳ ጠባሳ ነበረ።

ይህ ጠባሳ ብየዳን ወደሚመክረው ነጥብ ያመጣኛል። የባሌስትራ ብረት እንደ በር ብረት ወይም እንደ አጥር ቧንቧ አይደለም። ከመቶ 0.5 እስከ 0.6 ገደማ ካርቦን አለው፤ ጠንካራም ተጣጣፊም ያደረገው በፋብሪካ ያገኘው የማጋልና የማብረድ ሂደት ነው። በያጁ ሲነካው ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል በቅጽበት ይግላል፣ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ደግሞ ሙቀቱን በቅጽበት ይመጠዋል። በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ብረቱ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ለዚህ ነው ብየዳው ራሱ ጸንቶ ብረቱ ከጎኑ የሚሰበረው። «በያጁ ጎበዝ ስላልሆነ ነው» የሚሉ አሉ፤ ጎበዝ በያጅም ይህን አያመልጥም። እንዲያውም ሌላ ነገር ስትበይዱ ባሌስትራው ላይ የሚፈናጠቀው የቀለጠ ብረት ነጠብጣብ እንኳን የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። በላዩ ላይ እርጥብ ጆንያ ሳትሸፍኑ ከባሌስትራ አጠገብ አትበይዱ።

ስለ እሳቱ የምለው ከአክብሮት ጋር ነው። የመንዝና የይፋት ባለ እጆች ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚያወጡት ማረሻ፣ ምሳርና ማጭድ በየትኛውም ሱቅ ከሚሸጠው ይበልጣል፤ የእኔ አባት ያረሰው በዚያ ነው። ብረቱን ያውቁታል። ነገር ግን ማረሻ የሚፈልገው ጫፉ እንዲጠነክር ነው፤ ባሌስትራ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ጠባይ እንዲኖረው ይፈልጋል። ፋብሪካው ብረቱን ሙሉ በሙሉ ከ800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ አግሎ በዘይት ያበርደዋል፤ ከዚያ እንደገና በ400ና በ500 ዲግሪ መካከል አቆይቶ ያለዝበዋል። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች በመጨረሻ ገጹን በትናንሽ የብረት ጥይቶች ደብድበው ያጠብቁታል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከገጹ ነውና። በወናፍ እሳት ላይ የሚግለው ግን አንድ ሁለት ስንዝር ነው። የጋለው ቦታ ቀስ ብሎ ከበረደ ይለሰልሳል፣ መኪናው ሁለት ሳምንት ሳይሠራ ያው ይተኛል። ውሃ ውስጥ ከተነከረ ደግሞ ይደርቅና ይሰበራል። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለው አባባል ለማረሻ እውነት ነው፤ ለባሌስትራ ግን ያ ግለት የፋብሪካውን ሥራ ሁሉ የሚሽር ነው።

ጽሑፉ ያላነሳው አንድ መካከለኛ መንገድ አለ፤ እሳት ሳይነካው በፕሬስ እየተጫኑ ቅስቱን መመለስ። ያልተሰበረ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ዝገት ያልበላው ባሌስትራ በዚህ መንገድ ከፍታው ይመለሳል። አዲስ አይሆንም፤ ብረቱ የደከመውን ያህል ደክሟል፣ ቀስ እያለም ተመልሶ ይተኛል። ገንዘብ እስኪገኝ የሚያቆይ እንጂ የሚያዘልቅ እንዳልሆነ ለባለ መኪናው ፊት ለፊት ነግሬው እሠራለታለሁ።

አንድ ወፍራም ብረት ጨምሩ የሚለው ምክር በጣም የተለመደ ስለሆነ ቁጥሩን ላሳይ። የአንድ ዝርግ ብረት ግትርነት የሚያድገው በውፍረቱ ልክ አይደለም፤ ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ብረቶች መካከል አንድ 12 ሚሊ ሜትር ብታስገቡ፣ እሱ ከጎረቤቱ 1.7 እጥፍ ይገትራል። ሁሉም እኩል ሲታጠፉ እሱ ከድርሻው በላይ ይሸከማል፣ ቀድሞ የሚሰነጠቀውም እሱ ነው። የተኙት ብረቶች ደግሞ እንደተኙ ናቸው። በዚያ ላይ ድርድሩ ሲወፍር አሮጌው ዩ ቦልት ያጥርና ዳዶው በሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይይዛል፤ ይህን በዓይኔ ያየሁት ከአሥር ጊዜ በላይ ነው። በአንዳንድ ሃይሉክስና ሃይስ መኪኖች ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ኃይል መመጠኛ አለ። የመኪናው ኋላ ከልኩ በላይ ከፍ ሲል ይህ መመጠኛ መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ጭነት ለመጨመር ብላችሁ የጨመራችሁት ብረት፣ ጭነቱ በሞላበት ሰዓት ፍሬናችሁን ይወስደዋል።

ለመሆኑ መኪናው ያዘመመው በባሌስትራው ነው ወይ? ጸሐፊው ይህን አልጠየቁም፤ እኔ ግን ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ወደ አንኮበር የሚሄዱ እንግዶች ቤት የተሠራበት አሮጌ መኪና ይዘው መጥተው ነበር፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ የውሃ በርሜሉ ሁሉ ውስጡ ነው። ወደ ግራ ያዘመመው የግራው ባሌስትራ ስለደከመ ነው ብለው ለመለወጥ ተዘጋጅተዋል። ስንለካው ውሃው፣ ባትሪዎቹና ምድጃው ሁሉም በግራ በኩል ተደርድረው ተገኙ። ውሃውን ስንቀዳው መኪናው ከግማሽ በላይ ቀና አለ። እንዲህ ዓይነቱ መኪና ከቅጥቅጥ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ክብደቱ አለመውረዱ ነው። የጭነት መኪና ማታ ያራግፋል፣ ባሌስትራውም ያርፋል፤ ቤት ወይም ቦዲ የተሸከመው ግን ቆሞም እየሠራ ነው። ስለዚህ ቶሎ ይተኛል፣ ቶሎም መታየት አለበት።

አለካኩም ቀላል ነው። መኪናውን ባዶውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የጎማ ንፋሱን እኩል አድርጉ፣ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው በሁለቱም ጎን ለኩ። እስከ ቦዲው ጠርዝ አትለኩ፤ የቅጥቅጥ ቦዲ በእጅ የተሠራ ስለሆነ ሁለቱ ጎኖች ከመጀመሪያውም እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ ብረቶቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ፣ በተለይ የላይኛውን ገጽና የመሐል ብሎን የሚያልፍበትን አካባቢ። ጭነት ሲመጣ የሚወጠረው የላይኛው ገጽ ስለሆነ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከተጠራጠራችሁ ላምባ ቀቡት፣ ጥቂት ቆዩ፣ በጨርቅ አድርቁት፣ ከዚያ ጠመኔ አሻሹበት። ስንጥቅ ካለ የገባበት ላምባ ተመልሶ ይወጣና በነጩ ጠመኔ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ እርጥብ መስመር ይታያል። በፒኑ ዙሪያ ያለው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ተበልቶ ፒኑ የሚንኳኳ ከሆነም የችግሩ ግማሽ ያ ሊሆን ይችላል፤ ጎሚኒ ለውጦ ባሌስትራውን መተው ይቻላል።

የተጎዳውን ጎን ብቻ ለውጡ ለሚለው መልሴ አጭር ነው። በአንድ አክስል ላይ አንዱ አዲስ ሌላው የደከመ ከሆነ መኪናው ወደ ደከመው ያዘማል፣ ኩርባ ላይም በሁለት ዓይነት ጠባይ ይሄዳል። ዋናው ብረት ከተሰበረ ጥንዱ አብሮ ይለወጥ። ከታች ያለ አንድ አጭር ብረት ብቻ ተሰብሮ ሌሎቹ ጤነኛ ከሆኑ ግን በውፍረት፣ በስፋትና በቅስት እኩያውን ፈልጎ ያንኑ ብቻ መተካት ተገቢ ነው።

ግራሶውም እንደዚያው። ለፒኑ፣ መስጫ ካለው፣ ግዴታ ነው። በብረቶቹ መካከል የተቀባ ግራሶ ግን የመንዝን አቧራ ይዞ ሞረድ ይሆናል። በብረቶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ራሱ የመኪናውን መንጠር ከሚያረግቡት አንዱ ነው፤ መንጠሩን ለማርገብ የተሠራው አሞርዛተር ባለቀበት መኪና ላይ ያንንም ካጠፋችሁት መኪናው ይዘላል፣ ዝላዩም ተመልሶ ባሌስትራውን ይመታዋል።

ብርዱን ልተወው ነበር፤ ግን ብዙ ሰው ያምንበታል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ለገበሬው ባቄላ ጠላት ነው፤ በደንብ ለዝቦ የተሠራን ባሌስትራ ግን አይሰብርም። የጠዋት ብርድ ላይ የተሰበረ ባሌስትራ ስብራቱ ሲታይ ያ ጥቁር ክፍል አለበት፤ ከብዙ ጊዜ በፊት መሰበር ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ሰበቡ ከመጠን በላይ ጭነት፣ ዝገት ወይም የላላ ዩ ቦልት ነው። ብርዱን ስንወቅስ እነዚህን ሳናያቸው እናልፋለን።

ስለ ገበያው ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ቀለሙ አምሮ ብረቱ የማይረባ ዕቃ አለ፤ ልብ የሚያቆስል ነገር ነው፣ ለዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ በአንድ ወር የሚጠፋበት ሹፌር አይቻለሁና። መፍትሔው ግን አሮጌውን በእሳት መቀጥቀጥ አይደለም፣ እያወቁ መግዛት ነው። አሮጌውን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የብረቶቹን ቁጥር፣ የእያንዳንዱን ውፍረትና ስፋት፣ የሁለቱን ጫፍ ርቀት አስተያዩ። ሁለቱንም በአንድ ሚዛን መዝኑ፤ ልኩ አንድ ሆኖ አዲሱ ጎልቶ ከቀለለ ከውፍረቱ ተቀንሷል። የመሐል ቀዳዳው ጠርዝ የተቀደደና ሻካራ ከሆነ ተዉት። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ቀለም ያልተቀባውን ምረጡ፤ ቀለም ስንጥቅንም ብየዳንም ይሸፍናል። ሻጩ ጠመኔና ላምባውን ከከለከላችሁ ወደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የመግጠሙ ሥራ ላይ ጽሑፉ ምንም አላለም፤ ይህ ዝምታው ከተናገረው ያላነሰ ያሳስበኛል። ጥሩ ባሌስትራ በመጥፎ አገጣጠም ይሰበራል። ሻንሲው በክሪክ ብቻ ተይዞ ማንም ሥሩ አይግባ፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይደረግለት። አንድ ጊዜ የተጠበቀ ዩ ቦልት ተስቧል፣ ተመልሶ አይገባም፤ አዲስ ይገዛለት። አክስሉን ከቦታው የሚይዘው የዩ ቦልቱ ጥፍነጋ ነው፤ የመሐሉ ብሎን ቦታ ማመልከቻ እንጂ ያን ጉልበት ለመቻል የተሠራ አይደለም፣ ዩ ቦልቱ ሲላላ ጉልበቱ ሁሉ በእሱ ላይ ይወድቅና ይቆረጣል። አራቱ ዳዶዎች በማቋረጥ፣ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ። የጎሚኒው ብሎኖች ደግሞ መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ካረፈበት በኋላ ነው መጥበቅ ያለባቸው። አየር ላይ ሳለ ከጠበቁ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና በጥቂት ወር ይቀደዳል።

ያ ከጣርማ በር ተጎትቶ የመጣው ቅጥቅጥ ጥንድ ባሌስትራ፣ ስምንት አዲስ ዳዶና አራት አዲስ ዩ ቦልት ተገጥሞለት ሄደ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሠርቶ እንዲመለስ ነግሬው ነበርና በአሥረኛው ቀን፣ ተሳፋሪ ሳይጭን፣ በጠዋት መጣ። ብረቶቹ ተጭነው ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ ቀለማቸውም ዝገታቸውም ይደቃል፣ ዩ ቦልቱም በዚያው ልክ ይላላል። ቁልፉን በግራው የመጀመሪያ ዳዶ ላይ አስገብቼ ስጫነው ሩብ ዙር ያህል ሄደ። ሁለተኛውም ሩብ ዙር። ሹፌሩ አጠገቤ ተቀምጦ ስምንቱንም አንድ በአንድ ሲቆጥር ነበር፤ ሲጨርስ ቁልፉን ከእጄ ተቀብሎ የመጨረሻውን ራሱ ሞከረው፣ አልተነቃነቀም።